ምን እንይ? ድጋሚ የተሰሩ ተከታታይ ፊልሞችንስ እንዴት እንመዝን? (ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች)

ከመጀመራችን በፊት፣ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መጨረሻ የሚያበላሽ ስፖይለር የለም፣ የመጀመሪያ ኤፒሶድ ላይ የሚታየውን ግን እኔ እንደ ስፖይለር አልቆጥረውም፣ የሚቆጥር ካለ እየዘለለ ያንብብ።

ማታ ቁጭ ብዬ ስመርጥ ስመርጥ ሰዓቱ ያልፍና ምንም ሳላይ እተኛለሁ። ምን ይሻላል?

ችግሩ መምረጥ የምትጀምሩት ደክሟችሁ ሶፋ ላይ ከተዘረጋችሁ በኋላ መሆኑ ነው። ያኔ ጭንቅላት መወሰን አይፈልግም፣ አፑ ደሞ ሁሉንም ነገር ደስ የሚል አስመስሎ ይደረድርላችኋል፣ እናንተም ሪሞቱን ይዛችሁ ከላይ ወደታች ስትወርዱ ታመሻላችሁ። ስለዚህ ምርጫውን ቀን ላይ ጨርሱት። ሰው "ይሄን እይ" ሲላችሁ ስልካችሁ ላይ ጻፉት፣ ማን እንዳላችሁም አብራችሁ ጻፉ፣ ምክንያቱም ከሁለት ሳምንት በኋላ ስሙን ብቻ ስታገኙት "ይሄን ደሞ ከየት አመጣሁት" ብላችሁ ትተዉታላችሁ። ማታ ሲሆን ከዝርዝሩ አንዱን መክፈት ብቻ ነው፣ ካላማራችሁ ነገ ሌላ አለ።

ሌላው ነገር፣ "ምን ልይ" ከማለት በፊት "ስንት ሰዓት አለኝ" በሉ። ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ከሩብ የሚፈጅ ኤፒሶድ ይከፍትና ግማሹ ላይ እንቅልፍ ሲጥለው "ደባሪ ፊልም ነው" ይላል፣ ፊልሙ ምን በወጣው።

ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሬቲንግ ልመን?

እመኑት፣ ግን ምን እንደሚል አውቃችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሃያሲዎችን አስተያየት የሚሰበስበው ሮተን ቶሜቶስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ነው። እዛ ላይ 95 ፐርሰንት ማለት ፊልሙ ከመቶ 95 አገኘ ማለት አይደለም፣ ከጻፉት ሃያሲዎች መሀል 95 ፐርሰንቱ "ጥሩ ነው" ብለዋል ማለት ነው። ሁሉም ሃያሲ "ኧረ ምንም አይልም፣ ይታያል" ቢል 100 ፐርሰንት ይወጣል፣ ግማሹ አብዶለት ግማሹ የጠላው ፊልም ደሞ 50 ላይ ይቀራል፣ እና እኔን ከጠየቃችሁኝ ሁለተኛው ነው ብዙ ጊዜ የሚታየው። ተከታታይ ፊልም ላይ ደሞ ሌላ ጉድ አለ፣ ሃያሲዎቹ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚላክላቸው የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ኤፒሶዶች ናቸው፣ ስለዚህ የምታነቡት ነጥብ ስለ ጅማሬው እንጂ ስለ አጨራረሱ ላይሆን ይችላል።

ሪሜክ (ድጋሚ የተሰራ) ሲሆን የተመልካቹም ነጥብ ይዛባል። አሮጌውን የሚወድ ሰው ገና ትሬለሩን አይቶ ተናዶ 1 ይሰጣል፣ እሱን ለማናደድ ደሞ ሌላው 10 ይሰጣል። ነጥቡን ትታችሁ መሀል ላይ 6 እና 7 የሰጡትን ሰዎች ጽሁፍ አንብቡ፣ እነሱ አይተውታል።

ስንት ኤፒሶድ አይቼ ነው መተው ያለብኝ?

ለሁሉም የሚሰራ ቁጥር የለም። 8 ወይ 10 ኤፒሶድ ያለው የስትሪሚንግ ሾው ከሆነ ሁለት ይበቃል፣ በሁለት ካልያዛችሁ አይዛችሁም። በድሮው አሰራር በዓመት 22 ምናምን ኤፒሶድ የሚወጣለት ከሆነ ግን እስከ አምስት ስድስት ታገሱት፣ እነዛ ፊልሞች እየተሰሩ ነው ራሳቸውን የሚያገኙት። ኮሜዲ ደሞ ከሁሉም በላይ ጊዜ ይፈልጋል፣ ምክንያቱም የምንስቀው በቀልዱ ብቻ ሳይሆን በሰውዬው ነው፣ ሰውዬውን ለማወቅ ደሞ መክረም ያስፈልጋል።

"ሶስተኛው ሲዝን ላይ ያምራል" የሚላችሁን ሰው ግን ጆሮ አትስጡት። ሰላሳ ሰዓት ተሰቃይቼ ነው እንዴ የሚያምረው?

ሪሜክ፣ ሪቡት፣ ሪቫይቫል የሚሉት ነገር ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሰው እያቀላቀለ ነው የሚጠራቸው፣ ለመመዘን ግን ልዩነቱ ይጠቅማል።

ሪቫይቫል ማለት አሮጌው ታሪክ ካቆመበት ሲቀጥል ነው። ዳላስ በ1978 ጀምሮ በ1991 አለቀ፣ በ2012 ሲመለስ ጄ አር የሚባለውን ገጸ ባህሪ የተጫወተው ራሱ ላሪ ሃግማን ነበር፣ አርጅቶ። ዶክተር ሁ የሚባለውም እንደዛው፣ ከ1963 እስከ 1989 ሄዶ በ2005 ሲመለስ ያው ታሪክ ነው የቀጠለው፣ እሱ እንደውም ተመችቶታል ምክንያቱም ገጸ ባህሪው መልኩን እየቀየረ ነው የሚኖረው፣ ተዋናይ ቢቀየር ማንም አይደነግጥም። ሪሜክ ወይ ሪቡት ስንል ደሞ ታሪኩ ከዜሮ ይጀመራል፣ አዲስ ተዋናዮች፣ አሮጌው እንዳልነበረ ተቆጥሮ። ሶስተኛው ከሌላ ሀገር ፎርማቱን ገዝቶ በራስ ቋንቋ መስራት ነው።

ሪቫይቫልን ስትመዝኑ "እነዚህ ሰዎች በዚህ ሁሉ ዓመት ምን ሆኑ" ብላችሁ ነው የምትጠይቁት፣ ሪሜክን ደሞ "ይሄን ታሪክ አሁን ለምን?" ብላችሁ። አንዱን በሌላው ጥያቄ ከመዘናችሁት ፍርዱ ይጣመማል።

ለምንድን ነው ግን አዲስ ነገር ከመስራት አሮጌ የሚደግሙት?

ስሙ ይሸጣል። አዲስ ተከታታይ ሲወጣ ሰው እንዲያውቀው ብዙ ማስታወቂያ ይፈልጋል፣ የታወቀ ስም ያለው ግን ገና ሳይወጣ ይወራለታል፣ መብቱም ብዙ ጊዜ እዛው ስቱዲዮው እጅ ነው ያለው። ስለዚህ ብዙዎቹ በስም ይነግዳሉ። ይሄ ግን ብቻውን ፊልሙን መጥፎ አያደርገውም፣ በንግድ ምክንያት ተጀምሮ ግሩም የሆነ ሞልቷል።

እሺ፣ ሪሜክ እንዴት ነው የሚመዘነው?

መጀመሪያ ከምን ጋር እያወዳደራችሁ እንደሆነ እወቁ። ብዙዎቻችን የምናወዳድረው ከአሮጌው ፊልም ጋር አይደለም፣ ከትዝታችን ጋር ነው፣ ትዝታ ደሞ ምርጥ ምርጡን ብቻ ነው የሚያስቀምጠው፣ ያን ዘመን የነበራችሁበትን ዕድሜ፣ አጠገባችሁ የነበረውን ሰው፣ የመግቢያ ሙዚቃውን ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ "ምን የመሰለ ፊልም ነበር" ያስብላችኋል። አዲሱ ከዚህ ጋር ተፎካክሮ አያሸንፍም፣ ማንም አያሸንፍም። ስለዚህ ከመፍረዳችሁ በፊት የአሮጌውን አንድ ኤፒሶድ ክፈቱ፣ ዝነኛውን ሳይሆን መሀል ላይ ያለ ስሙን እንኳን የማታስታውሱትን። እሱን ከአዲሱ አንድ ተራ ኤፒሶድ ጋር አስተያዩ። አንዳንዴ አሮጌው ያኔም ይሄን ያህል እንዳልነበር ይገባችኋል፣ አንዳንዴ ደሞ በተቃራኒው፣ አዲሱ በብርሃንና በካሜራ ያሸበረቀ ባዶ እንደሆነ ግልጥ ብሎ ይታያችኋል።

ከዛ አሮጌውን ያቆመው ምሰሶ ምን እንደነበር ፈልጉ። ባትልስታር ጋላክቲካን እንውሰድ። የ1978ቱ ስታር ዋርስ በወጣ በዓመቱ ተሰርቶ አንድ ሲዝን ብቻ ሄዶ ቆመ። ታሪኩ ሲታሰብ ከባድ ነው፣ የሰው ልጅ በማሽኖች ተጨፍጭፎ የተረፉት ጥቂቶች በመርከብ ተጭነው ምድር የምትባል ፕላኔት ፍለጋ ይሰደዳሉ። ግን እዛው የመክፈቻው ታሪክ ውስጥ፣ ያ ሁሉ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ካሲኖ ያለበት ፕላኔት ላይ አርፈው ቁማርና ጭፈራ ሲሆኑ ታያላችሁ። ሀዘን የለም። በ2003 ሮናልድ ሙር ድጋሚ ሲሰራው ያደረገው ነገር ይሄን ክፍተት መሙላት ነው። የተረፉት ሰዎች ፕሬዚዳንት ነጭ ሰሌዳ ላይ የተረፈውን ሰው ቁጥር ትጽፋለች፣ ሰው ሲሞት ቁጥሩ ተጠፍቶ ይታረማል። የመጀመሪያው ሲዝን የመጀመሪያ ኤፒሶድ ርዕሱ "33" ነው፣ ጠላት በየ33 ደቂቃው እየመጣ ስለሚያጠቃቸው ለቀናት ማንም አልተኛም፣ ፓይለቶቹ ዓይናቸው ቀልቶ፣ አዛዡ ቃል እየጠፋበት። የጠፈር ፊልም እያያችሁ ያለቀሰ ሰው ፊት ነው የምታዩት። ይሄ ሪሜክ አሮጌው ጀምሮት የተወውን ሀሳብ አንስቶ ጨረሰው፣ ለዛ ነው እስከ 2009 የሄደው፣ ለኔ እስካሁን ከተሰሩት ሪሜኮች የሚበልጠው የለም።

የተገላቢጦሹን ደሞ ናይት ራይደር ላይ እዩ። በ1982 የምትናገር መኪና ማየት ብቻውን ተአምር ነበር፣ የፊልሙ ምሰሶ ያ መገረም ነው። በ2008 ሲመልሱት መኪና ውስጥ "ወደ ግራ ታጠፍ" የሚል ድምጽ መስማት ተራ ነገር ሆኗል፣ መኪናዋን አሳመሯት፣ ፈጣን አደረጓት፣ መገረሙን የሚተካ ግን አላመጡም። አንድ ሲዝን ሄዶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሾገን ደሞ ሌላ ትምህርት ነው፣ ጃፓን ስለደረሰ እንግሊዛዊ መርከበኛ ከሚያወራ መጽሐፍ የተሰራ ነው። በ1980 ኤንቢሲ በሚባለው የአሜሪካ ጣቢያ የታየው የተሰራው በመርከበኛው ዓይን ነበር፣ ጃፓኖቹ ሲያወሩ ሰብታይትል እንኳን የለውም፣ ሆን ተብሎ ነው፣ ተመልካቹ እንደ ሰውዬው ግራ እንዲገባው። ለዛ ጊዜ ብልጥ ዘዴ ነው፣ አልክድም። የ2024ቱ ግን አብዛኛውን ንግግር በጃፓንኛ አድርጎ ሰብታይትል ሰጠው፣ እና ድንገት ጃፓኖቹ ሲማከሩ፣ ሲዋሹ፣ ሲቀልዱ ትሰማላችሁ፣ እንዲያውም አስተርጓሚዋ ማሪኮ የተባለውን ሳይሆን መባል ያለበትን ስታስተረጉም የምትይዙት እናንተ ናችሁ፣ መርከበኛው ምንም አያውቅም። ያው መጽሐፍ፣ ያው ታሪክ፣ የተመልካቹ መቀመጫ ብቻ ተቀየረ። በአንድ ሲዝን 18 ኤሚ (የአሜሪካ የቴሌቪዥን ሽልማት) መውሰዱ ብዙም አይገርመኝም።

በአጭሩ እኔ የምጠይቀው፣ ስሙን ብትነጥቁት ይሄን ፊልም ታዩታላችሁ ወይ? "አዎ" ካላችሁ ጥሩ ነው፣ የሚያኮራው ስሙ ብቻ ከሆነ አሮጌውን ክፈቱ ይሻላችኋል።

ገጸ ባህሪውን ከወንድ ወደ ሴት ወይ ዘሩን ሲቀይሩትስ? ይሄ ታሪኩን ማበላሸት አይደለም?

ብቻውን አያበላሽም፣ ብቻውን አያሳምርም። ጋላክቲካ ላይ ስታርባክ የሚባለውን ወንድ ፓይለት ሴት ሲያደርጉት ስንት ጫጫታ ነበር፣ ኬቲ ሳክሆፍ ከገባችበት በኋላ ግን የሚከራከረው እየቀነሰ ሄደ፣ ምክንያቱም ያ ቁማርተኛ፣ ጠጪ፣ አለቃ የማይፈራ ፓይለት እንዳለ ነው ያለው፣ ላዩ ላይ ቁስል ጨመሩበት እንጂ።

ዋን ደይ አት ኤ ታይምን ደሞ እዩት። የ1975ቱ ከባሏ ተፋታ ሁለት ሴት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ነበር፣ ያኔ ለቴሌቪዥን ደፋር ሀሳብ ነው። በ2017 ሲሰራ ቤተሰቡ ኩባ-አሜሪካዊ ሆነ፣ እናትየው ወታደር የነበረች፣ ሪታ ሞሬኖ የምትጫወታት አያት ደሞ ቤቱ ውስጥ ገባች። መልክ ቀይረው አልቆሙም፣ ከመልኩ ጋር አዲስ ጣጣ አመጡ፣ ስደት፣ ከጦር ሜዳ የመጣ ጭንቀት፣ የሶስት ትውልድ ሙግት። መጥፎ የሚሆነው ተዋናዩን ቀይረው ዲያሎጉን እንዳለ ሲተዉት ነው፣ ያኔ የተቀየረው ፖስተሩ ብቻ ነው።

ከሌላ ሀገር የተወሰደ ሲሆን የትኛው ነው "ትክክለኛው"?

ሁለቱም ሊሆኑ ይችላሉ፣ ወይ አንዱም። ዘ ኦፊስን እዩ፣ ስለ አንድ መስሪያ ቤት አለቃና ሰራተኞቹ የሆነ ኮሜዲ ነው፣ የእንግሊዙ ከ2001 እስከ 2003፣ 12 ኤፒሶድና የገና ልዩ ዝግጅት፣ አለቀ። የአሜሪካው በ2005 ሲጀምር የመጀመሪያው ኤፒሶድ ከእንግሊዙ ስክሪፕት ብዙም አልራቀም፣ ስቴፕለሩ ጄሊ ውስጥ የሚቀበርበት ቀልድ ሳይቀር አለ፣ እና አይሰራም፣ ያ ደረቅ ክፉ አለቃ እዛኛው ተዋናይ ላይ እንደተዋሰ ኮት ነው የሆነው። ከሁለተኛው ኤፒሶድ ጀምሮ የራሳቸውን መጻፍ ጀመሩ፣ ሁለተኛው ሲዝን ላይ አለቃውን ትንሽ የሚያሳዝን፣ መወደድ የሚፈልግ ሰው አደረጉት፣ በቃ ከዛ በኋላ ማንም አላቆመው፣ በጠቅላላው 9 ሲዝን 201 ኤፒሶድ ሄደ። መገልበጡን ሲተው ነው ነፍስ የዘራው።

ከሞላ ጎደል ገልብጦ የወደቀም አለ። የእንግሊዙ የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ብሮድቸርች በ2013 ወጥቶ ሲወደድ አሜሪካኖቹ በዓመቱ ግሬስፖይንት ብለው ደገሙት፣ ዋናውን ተዋናይ ዴቪድ ቴናንትን ሳይቀር ይዘው! ሰውየው ያንኑ መርማሪ በሌላ የእንግሊዝኛ አነጋገር ተጫወተው፣ አንድ ሲዝን ብቻ። ያው ቋንቋ፣ ያው ሰው፣ ያው ታሪክ፣ ለምን ሁለተኛ ጊዜ አየዋለሁ?

ከኮሎምቢያ የወጣችው ቤቲ ላ ፌያ (1999) ግን ስንት ሀገር ዞራ፣ አሜሪካ ላይ አግሊ ቤቲ ሆና ከ2006 እስከ 2010፣ የትም ስትሄድ ትሰራለች፣ በመልኳ የሚንቋት ብልህ ሰራተኛ የሌለችበት ሀገር የለማ።

ኦሪጅናሉን ቀድሜ ማየት አለብኝ?

ሪቫይቫል ከሆነ አዎ፣ ቢያንስ መጨረሻውን። ሪሜክ ከሆነ ግን የግድ አይደለም፣ ጥሩ ሪሜክ ራሱን ችሎ መቆም አለበት። የሚወስነው ርዝመቱ ነው። ሃውስ ኦፍ ካርድስ የሚባለው ስለ አንድ ሥልጣን ፈላጊ ፖለቲከኛ የሆነ ፊልም ላይ የእንግሊዙ የ1990 ታሪክ 4 ኤፒሶድ ነው፣ በአንድ ቅዳሜ ያልቃል፣ የአሜሪካው ደሞ 73 ኤፒሶድ። እዚህ ላይ አጭሩን ቀድማችሁ ብታዩ ምንም አትከስሩም፣ እንደውም ሁለቱም ፖለቲከኞች ካሜራውን አይተው እናንተን ሲያወሯችሁ ልዩነቱ ይገባችኋል፣ የእንግሊዙ ኢያን ሪቻርድሰን እየሳቀ ነው የሚያማልላችሁ፣ የአሜሪካው ኬቪን ስፔሲ እያስፈራራ።

አሮጌው ረጅም ከሆነ በሪሜኩ ጀምሩ። ከወደዳችሁት ራሳችሁ ወደ አሮጌው ትሄዳላችሁ።

አሮጌዎቹን ስከፍት ቀርፋፋና ምስላቸው ጠባብ ሆነብኝ። ኖርማል ነው?

ጠባቡ ኖርማል ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ቅርጹ 4 በ3 ነበር፣ ያሁኑ 16 በ9 ነው፣ ስለዚህ በግራና በቀኝ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ትክክለኛው ነው፣ ሴቲንግ ገብታችሁ እንዳትለጥጡት። አንዳንድ ስትሪሚንግ ስክሪኑን ለመሙላት ብሎ ከላይና ከታች ይቆርጠዋል፣ የሚያበሳጨው ይሄ ነው። ኔትፍሊክስ በ2021 ሳይንፌልድ የሚባለውን የድሮ ኮሜዲ ሲያስገባ የሆነው አስቂኝ ነገር፣ ስለ አስፋልት ጉድጓድ የሆነ ኤፒሶድ አለ፣ አንዱ ሾት ላይ ጆርጅ የሚባለው ገጸ ባህሪ ቁልቁል የሚያየው ጉድጓድ ከፍሬሙ ተቆርጦ ቀርቷል፣ ሰውየው ምን እንደሚያይ አይታወቅም።

ቅርፍፍናውን በተመለከተ፣ እነዛ ፊልሞች በሳምንት አንድ ቀን ለሚያያቸው ሰው ነው የተሰሩት፣ በመሀል ማስታወቂያ አለ፣ ያለፈውን ለረሳ ሰው ነገር ይደግማሉ። በአንድ ማታ አምስቱን ካያችሁ ድግግሞሹ ያንገሸግሻችኋል። በሳምንት አንድ ሁለት ሞክሩት፣ ይለያል።

የተሰረዘ ተከታታይ ልጀምር?

ታሪኩ በየኤፒሶዱ የሚዘጋ ከሆነ ችግር የለውም። ልብ አንጠልጥሎ የሚያልቅ ከሆነ ግን ቀድማችሁ "የመጨረሻው ኤፒሶድ ታሪኩን ይቋጫል ወይ" ብላችሁ ሰው ጠይቁ። ካውቦይ ቢባፕ በሰው ተዋንያን በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቶ አንድ ወር ሳይሞላው ነው የተሰረዘው፣ 10 ኤፒሶድ አይታችሁ ክፍት ነገር ታቅፋችሁ ትቀራላችሁ። የ1998ቱ ኦሪጅናል አኒሜ (የጃፓን አኒሜሽን) ደሞ 26 ኤፒሶድ፣ ተጀምሮ ያለቀ፣ የተዘጋ። እኔ ብሆን የቱን እንደምጀምር ግልጽ ነው።

ቤት ውስጥ ሁሉም የተለያየ ነገር ነው የሚወደው፣ አብረን ምን እንይ?

የአንዱን ምርጫ ዛሬ የሌላውን ነገ፣ እየተፈራረቃችሁ። ሁሉንም የሚያስደስት መፈለግ መጨረሻው ማንም የማይጠላው ማንም የማይወደው ነገር ነው። ሪሜክ ግን እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ አሮጌውን የሚያውቁት ትልልቆቹ "ድሮ እንዲህ አልነበረም" እያሉ ሲያጉረመርሙ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አንዳንዴ ማጉረምረሙ ከፊልሙ ይበልጣል።

አንድ ልሞክር ብል በየቱ ልጀምር?

ሰብታይትል ማንበብ የማይሰለቻችሁ ከሆነ ሾገን፣ 10 ኤፒሶድ ነው፣ ስልክ እየነካኩ የሚታይ ግን አይደለም። መሳቅ ከፈለጋችሁ የአሜሪካውን ዘ ኦፊስ ከሁለተኛው ሲዝን ጀምሩትና ወደ መጀመሪያው በኋላ ተመለሱ፣ 6 ኤፒሶድ ብቻ ነው። ረጅም ነገር የምትፈልጉ ጋላክቲካን ያዙ፣ ግን ልብ በሉ፣ ታሪኩ የሚጀምርበት የ2003ቱ ሚኒ ሲሪስ (አጭር ተከታታይ) አንዳንድ ቦታ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ "ሲዝን 1" የሚለውን ተጭናችሁ በቀጥታ "33" ላይ ከገባችሁ ማን ማንን እንደሚያሳድድ ሳይገባችሁ ነው የሚያልቀው።